ስለ ጋራ ቤተ ሙከራ ጥቅም

ሰንበቴ የምትባለው ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፤ በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፤ በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ውስጥ ትገኛለች። የእሑድ ገበያዋ እጅግ የታወቀ ነው። በዚያ ገበያ ከደጋ የወረደው ገበሬ እህሉን፤ የቆላው ኦሮሞ ከብቱንና ቅቤውን፤ አፋሩም ፍየሉንና ግመሉን ይዞ ይመጣል፤ አርጎባውም ከነሸቀጡ ከመካከላቸው አይታጣም። አንዱ የጎደለውን ከሌላው ያገኛል። ሁሉም በየደጁ የራሴን ገበያ ላቁም ቢል ኖሮ ግን ሻጭም ገዢም ባልተገኘ ነበር።

ሰንበቴ የሚለው ቃል ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ልማድ ሌላ ነገር ያሳስባል። ይኸውም ምእመናን ማኅበር ገብተው፤ ሙሴ ሾመው፤ በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦውንና ጠላውን በተራ በተራ እያቀረቡ፤ ነዳያንንም እያበሉ የሚኖሩበት ሥርዓት ነው። አንድ ሰው ብቻውን በየሰንበቱ ይደግስ ቢባል ዓመት ሳይሞላ ጎተራው ይራቆታል፤ ተራ ሲገባበት ግን ድኻውም ባለጸጋውም ሳይጨነቅ ይወጣዋል። ከተማይቱና ማኅበሩ የሚገናኙት በስም ብቻ ቢሆንም፤ ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት ዛሬ ለተነሣው ጉዳይ ይስማማል። ጉዳዩም የሰውን በሽታ የሚመረምሩ ሊቃውንት በጋራ ሊገለገሉበት ስለሚገባው የቤተ ሙከራ መሣሪያ ነው።

በብዙ ሰው አሳብ ላቦራቶሪ ማለት በጤና ጣቢያ ውስጥ ያለች፤ ደምና ዐይነ ምድር የሚታይባት አንዲት ክፍል ናት። ይህ እውነት ነው፤ ያለዚያችም ክፍል ሐኪሙ በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው ነው። ነገር ግን ከዚህ በላይ ሌላ ደረጃ አለ። የበሽታው ተሕዋስ ከየት እንደ መጣ፤ መድኃኒቱ ስለ ምን እንዳልበገረው፤ ዘሩም በሌላ አገር ካለው ተሕዋስ ጋር ምን ያኽል እንደሚዛመድ ለማወቅ የሚደክም ተመራማሪ ተራው አጉሊ መነጽር አይበቃውም። የዘረ መልን ፊደል አንድ በአንድ የሚያነብ መሣሪያ፤ ጥቂቱን ዘረ መል አብዝቶ የሚያሳይ ፒሲአር የሚባል መሣሪያ፤ የደም ሕዋሳትን በጨረር እየለየ የሚቆጥር መሣሪያ፤ ናሙናው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ቀዝቅዞ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ፤ ተላላፊው ተሕዋስ እንዳያመልጥ አየሩ እየተጣራ የሚወጣበት ክፍል ያስፈልገዋል።

የነዚህ መሣሪያዎች ዋጋ አንድ የኮሌጅ ክፍል ወይም አንድ ሆስፒታል ብቻውን የሚሸከመው አይደለም። ዋጋው ከተከፈለም በኋላ ወጪው አያቆምም፤ መለኪያው በየጊዜው ሊስተካከል፤ ኬሚካሉ ሊተካ፤ መሐንዲስም ሊያየው የግድ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ አንድ ተመራማሪ በዓመት ውስጥ መሣሪያውን የሚሻበት ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ በቀረው ጊዜ መሣሪያው አቧራ ለብሶ ይቀመጣል። ስለዚህ በዚህ ሥራ የቀደሙት አገሮች ያገኙት መላ፤ መሣሪያውን በአንድ ቤት አኑሮ፤ ሥራው እርሱ ብቻ የሆነ ባለሙያ ሾሞ፤ ለመጣው ተመራማሪ ሁሉ በተራና በመጠነኛ ክፍያ ማገልገል ነው። ባለሙያው የራሱን ምርምር ትቶ የሌላውን ሰው ጥያቄ ያገለግላል፤ ብዙ ጥያቄ ስለሚመጣለትም እጁ ይፈታል፤ ዕውቀቱም ይሰፋል። በዓመት አንድ ጊዜ መሣሪያውን የሚነካ ተማሪ ግን ያበላሸዋል እንጂ አይጠቀምበትም።

ይህ ሁሉ ለሰንበቴ ገበሬ ምን ይረባዋል የሚል ሰው ቢኖር በዚያው ዞን የምትገኘውን ባቲን ይመልከት። በኢትዮጵያ ወባን የምታስተላልፈው ዋናይቱ ትንኝ አኖፊለስ አራቢየንሲስ የምትባለው ናት፤ እርሷም ዝናብ ባቆረው ኩሬና ፀሐይ በሚያገኘው ረግረግ ትፈለፈላለች። የቆላው ሕዝብ ይህን ከጥንት ጀምሮ በልምድ ያውቀዋልና ክረምቱ ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ሲገባ መጠንቀቅን ለምዷል። በ2016 ዓመት (ይህና በዚህ ጽሕፈት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ከተማ ሌላ ዐይነት ትንኝ ተገኘች። ስሟ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ይባላል፤ የቀድሞ አገሯ ሕንድና በዙርያው ያለው የእስያ ምድር ነው። በ2018 ምሥራቁን የኢትዮጵያ ክፍል እየዞሩ የመረመሩ ባለሙያዎች ይህችኑ ትንኝ በድሬዳዋ፤ በአዋሽ ሰባት፤ በገዋኔ፤ በሰመራ፤ እንዲሁም በባቲ አገኟት።

ይህች እንግዳ ትንኝ ጠባይዋ ከነባሯ ይለያል። የምትፈለፈለው በከተማ መካከል፤ ሰው ለመጠጥና ለግንባታ ብሎ ባጠራቀመው ውሃ፤ በበርሜልና በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ክረምትን አትጠብቅም፤ በበጋም ውሃ የሚያጠራቅም ከተማ እስካለ ድረስ ማደሪያ አላት። ሰው በመስከረም እየተጠነቀቀ በየካቲት ቢታመም የሚያስገርም አይሆንም ማለት ነው። በ2022 የመጀመሪያዎቹ ወራት በድሬዳዋ ከተማ የወባ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአርመር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሊቃውንት ከሌሎች ጋር ሆነው ሕመምተኛው ባለበት ቤት ዙርያ ትንኝና እጭ እየለቀሙ መርምረው፤ ወረርሽኙ ከዚህች ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ፤ ጥናቱም በ2023 ታተመ።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ትንኟን በመነጽር አይቶ በክንፏና በእግሯ ምልክት መለየት ይቻላል፤ ዳሩ ግን ሁለቱ ትንኞች ለላመደ ዐይን እንጂ ለሁሉ አይለያዩም፤ እጭ ሳለች ደግሞ መለየቱ ይብሳል። የማያጠራጥር ምስክርነት የተገኘው ዘረ መሏ ተነብቦ በሌላ አገር ካሉት ጋር በተስተያየ ጊዜ ነው። ከጅቡቲ በሚሌ አድርጎ የሚመጣው ከባድ መኪና በባቲ አልፎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ የሚወርደውም ከሚሴንና ሰንበቴን ይረግጣል። ትንኝ ደግሞ የይለፍ ወረቀት አትጠየቅም። በሰንበቴ ከተማ አንድ የጤና ሠራተኛ ነገ ከአንድ ገንዳ አጠራጣሪ እጭ ቢቀዳ፤ ምን እንደ ሆነች በሳምንት ውስጥ የሚነግረው ቤት መኖርና አለመኖሩ ለከተማው ሰው ትልቅ ልዩነት ነው።

ከወባ ሳይወጣ ሌላ ምሳሌ ይጨመር። በየጤና ኬላው በጣት ደም ጠብታ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ብዙ ሕይወት አድኗል። ይህ ምርመራ ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ዐይነት የሚያውቀው ተሕዋሱ ከሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን የተነሣ ነው። ተሕዋሱ ይህን ፕሮቲን የሚሠራበትን ዘረ መል ያጣ እንደ ሆነ ግን ምርመራው ወባ የለም ይላል፤ ታማሚውም ወባውን በደሙ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ2017ና በ2018 በአማራ፤ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎች የተመረመሩበት ጥናት፤ እንዲህ ያለው ምርመራ በዘረ መሉ መጥፋት ምክንያት ከመቶ 9.7 የሚሆነውን የፋልሲፓረም ወባ ሊስት እንደሚችል ገመተ፤ ጥናቱም በ2021 ታተመ። ይህ ነገር በጤና ኬላ ውስጥ ተቀምጦ የሚታወቅ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛይቱ ሥራዋን በትክክል ሠርታለች፤ ምርመራውም እንደ ደንቡ ተደርጓል፤ ስሕተቱ ያለው ከሁለቱም በላይ በሆነ ረቂቅ ነገር ውስጥ ነው። የደረቀው የደም ጠብታ በወረቀት ላይ ተጉዞ ሩቅ ወዳለው መሣሪያ ባይደርስ ኖሮ ስሕተቱ ዛሬም ድረስ አይታወቅም ነበር።

በዚህ ስፍራ የእንዶድን ታሪክ ማንሣት የግድ ይሆናል፤ የአገር ውስጥ ቤተ ሙከራ አለመኖር ምን ያኽል እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለምና።

የቦርከና ሸለቆ ቢልሃርዝያ ከሚገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። የዚህ በሽታ ትል ዕድሜውን በሁለት ቤት ይከፍላል፤ እኩሌታውን በሰው አካል ውስጥ፤ እኩሌታውን በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ ትሉ መሸጋገሪያ ያጣል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለዚህ በሽታ ሊያጠኑ ወደ ዓድዋ ሄደው ሳለ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፤ አረፋው በሚወርድበት በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እንዶድ የፈረንጅ ሳሙና ከመምጣቱ አስቀድሞ ሸማን ያነጣ፤ እናቶች በየጓሮው የሚያውቁት ተክል ነው። በዚያ ወንዝ ዳር ስንት ሰው አልፏል፤ ስንትስ ሰው የሞተውን ቀንድ አውጣ አይቶ ሄዷል! ያስተዋሉት ግን እርሳቸው ነበሩ። በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከየአገሩ የተለቀመውን የእንዶድ ዘር እያበቀሉና እያወዳደሩ፤ ዐይነት 44 ተብሎ የታወቀውን ብርቱ ዘር ለዩ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የኢትዮጵያውያን ብልኅነትና ድካም ነው። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተሰናከለ። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች፤ ይህ ነገር በወንዝ ውሃ ላይ ሲፈስ ለሰውና ለእንስሳ የማይጎዳ ስለ መሆኑ በታወቀ ደንብ የተፈተነበት ማስረጃ ይምጣ አሉ። ጥያቄው የሚነቀፍ አልነበረም፤ ሕዝብ በሚጠጣው ውሃ ላይ ማናቸውንም ነገር ከመጨመር አስቀድሞ እንዲህ መጠየቅ ይገባል። ችግሩ ግን ይህን ፈተና ሌላው ዓለም በሚቀበለው ደንብ ሠርቶ ማስረጃ የሚሰጥ ቤት በአገር ውስጥ አለመኖሩ ነበር። ዐሥር ዓመት፤ ከዚያም ሌላ ዐሥር ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ፈተናው በ1980ዎቹ ዓመታት በካናዳ የምርምር ድርጅት ርዳታ ተሠራ። ሁለቱ ሊቃውንት በ1989 በስዊድን አገር የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ፤ ክብሩም የተገባቸው ነበር። በዚህ መካከል ግን ትሉን በሰው አካል ውስጥ የሚገድለው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ወጥቶ በዓለም ሁሉ ተሰራጨ፤ የእንዶድም ነገር ወደ ኋላ ቀረ። ፈተናው በአገር ውስጥ፤ ግኝቱ ትኩስ በነበረበት ጊዜ ተሠርቶ ቢሆን የእንዶድ ዕድል ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። መድኃኒቱ የታመመውን ያድነዋል፤ ሰውዬው ግን ነገ ተመልሶ ወደዚያው ውሃ ይገባል፤ ቀንድ አውጣውም በስፍራው ነው።

ወሎም ለዚህ ጉዳይ የራሱ ምስክር አለው። በኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ይልቅ የአንገት እጢ ነቀርሳ ይበዛል፤ ጥሬ ወተት የሚጠጣው ሕዝብ ብዙ ስለ ሆነም በሽታው ከከብት የመጣ ይሆናል የሚል ግምት ነበር። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ከልዩ ልዩ የአገሩ ክፍል የተሰበሰበውን ናሙና በዘረ መል ሲመረምር፤ የሕመምተኞቹ ተሕዋስ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የሰው ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ፤ የከብቱ ዐይነት እጅግ ጥቂት ነበር። ጥሬ ወተት ከሌሎችም በሽታዎች የተነሣ ተፈልቶ መጠጣቱ ተገቢ ነው፤ የነቀርሳው ዋና መንገድ ግን የሰው ሳል ሆነ። ከዚሁ ጥናት ጋር፤ በተለይ ከወልድያ በመጣው ናሙና ውስጥ፤ ከዚያ በፊት የማይታወቅ የነቀርሳ ዘር ተገኘ፤ ሊቃውንቱም ሰባተኛው ሐረግ አሉት። ከአንድ የወሎ ሕመምተኛ አክታ ተነሥቶ የዓለምን የነቀርሳ ታሪክ የሚያርም ነገር ተገኘ ማለት ነው። የጨፋን ሜዳ የሚያውቅ ሰው፤ ያ ሁሉ ከብት፤ ያ ሁሉ አርብቶ አደር በበጋ በአንድ ስፍራ ሲገናኝ የተመለከተ ሰው፤ ገና ያልተጠየቀ ጥያቄ ምን ያኽል እንዳለ ይረዳል።

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ከባዶ የምትነሣ አገር አይደለችም። የፓስተር ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ከተተከለ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ1964 የማዕከላዊ ላቦራቶሪና የምርምር ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ከዚያም ስሙና ሥራው እየሰፋ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። የአርመር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ርዳታ በአለርት ሆስፒታል አጠገብ ተሠራ፤ ስሙም በ1873 የሥጋ ደዌን ተሕዋስ ላገኘው ለኖርዌጁ ሐኪም መታሰቢያ ነው። በደሴም የክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ አለ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም የሕክምና ትምህርት ይሰጣል። ፖስታ ቤትም ከደብዳቤው ጋር የሕሙማንን ናሙና ወደ ላቦራቶሪዎች ሲያመላልስ ቆይቷል፤ ይህም የሚመሰገን ሥራ ነው።

መሣሪያ በጋራ ሲሠራ ምን ሊደረግ እንደሚችል በ2020 ታይቷል። የኮሮና ወረርሽኝ ገና ወደ አገር ሳይገባ፤ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ከተጠረጠሩ ሰዎች የተወሰደው ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ መላክ ነበረበት። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ምርመራው በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ በመጋቢት ወር የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሲገኝም በአገር ውስጥ ተመረመረ። ወዲያውም በየዩኒቨርሲቲው፤ በየምርምር ተቋሙ፤ በሰበታ በሚገኘው የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ቤት ሳይቀር፤ ለየብቻ ተቀምጠው የነበሩት የፒሲአር መሣሪያዎች ለአንድ ሥራ ተጠሩ። ትናንት ስለ ከብት በሽታ ይመረምር የነበረው መሣሪያ ዛሬ ስለ ሰው መረመረ። መሣሪያው ከቀድሞም ነበረ ማለት ነው፤ የጎደለው የሚያገናኘው ሥርዓት ነበር። ጭንቅ ያመጣው ሥርዓት ግን ጭንቁ ሲያልፍ አብሮ እንዳያልፍ ያስፈራል፤ ሁሉም በየቤቱ ቁልፉን ይዞ ከተመለሰ ከዚያ ሁሉ ድካም የሚተርፈው ትዝታው ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ጉድለቱ ሳይሸሸግ ይነገር። አንዱ ጉድለት የባለቤትነት መንፈስ ነው። መሣሪያ በርዳታ ሲመጣ የሚመጣው በአንድ ሰው የምርምር ጥያቄ ስም ነው፤ ሰውዬውም እንደ ግል ርስቱ ያየዋል፤ የጎረቤቱ ክፍል ተማሪ ሊሠራበት ቢመጣ ቁልፉ የለም ይባላል። ሰውዬው ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወርም መሣሪያውን የሚያውቅ አይገኝም። አንዳንድ ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ፤ በሁለት ሕንፃ፤ አንድ ዐይነት መሣሪያ ሁለት ሆኖ ይገኛል፤ አንደኛው ኬሚካል የሌለው፤ ሁለተኛው የተበላሸ፤ አንዱን ለሌላው መለዋወጫ ማድረግም በንብረት ደንብ የተከለከለ ይሆናል።

ሁለተኛው የጥገና ነገር ነው፤ እውነቱ ከተነገረም ከሁሉ የሚብሰው ይህ ነው። መሣሪያ ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ስለ ጥገናው ግን በበጀቱ መዝገብ ላይ አንድ መስመር እንኳ አይገኝም። በቅሎ ገዝቶ ገብስ የነፈጋት ሰው ጎረቤት ይስቅበታል፤ በዚህ ነገር ግን የሚስቅ አልተገኘም። ጥቂት ቀን ብቻ የሚቆይ ኬሚካል በጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ወረቀቱ እስኪፈረም ሲሞቅ ይሰነብታል፤ ሲወጣ የሚያገለግል አይሆንም። መብራት በጠፋ ጊዜ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ ደግሞ የዐሥር ዓመት ናሙና በአንዲት ሌሊት ይቀልጣል። እነዚህ ነገሮች የሊቃውንት ጉድለት አይደሉም፤ በበጀት፤ በግዢና በጉምሩክ ያሉ ሹማምንት በቀላሉ ሊያቃኑት የሚቻል የአሠራር ጉድለት ነው።

ሁሉን በአንድ ቤት ማኖር ጠላቱ ብዙ ነው የሚል ክርክርም አለ፤ ይህም የሚናቅ አይደለም። በ2014 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፤ ማለት በ2021 መጨረሻ፤ ጦርነቱ ወደ ወሎ በዘለቀ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ንብረቱ ተዘርፎ ተጎድቷል። በዚያ ጊዜ ሕመምተኛው ሁሉ መድረሻ አጥቶ እንደ ነበር የሚረሳ አይደለም። አንድ ቤት ብቻ ያለው አገር ያ ቤት ሲጎዳ ሁሉን ያጣል። የዚህ ክርክር መልስ ግን መሣሪያውን በሃምሳ ስፍራ እንደ ገና መበተን አይደለም፤ እያንዳንዱ ቤት ሌላውን ሊተካ እንዲችል በጥቂት የተመረጡ ስፍራዎች በሚገባ ማቋቋም፤ ናሙናውንና መዝገቡንም በሁለት ስፍራ ማኖር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የተራ ነገር ነው። መሣሪያው በአዲስ አበባ ከተቀመጠ የአዲስ አበባ ሰው ሁልጊዜ ፊተኛ ይሆናል፤ የደሴና የከሚሴ ሰው የላከው ናሙና ከማቀዝቀዣው በታች ይቀራል የሚል ሥጋት በክፍለ ሀገር ይሰማል። ሥጋቱ መሠረት አለው። በወሎና በሸዋ ቆላ በመስኖ የሚያርሱ ገበሬዎች ይህን ችግር ከፈቱት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የውሃ አባት ይመርጣሉ፤ የውሃ አባቱም የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ ይደለድላል፤ በላይኛው በኩል ያለው ሰው ቦዩ በደጁ ስላለፈ ብቻ ቀድሞ አይቀዳም፤ ተራውን የሰረቀም ይቀጣል። የጋራው ቤተ ሙከራም የውሃ አባት ያስፈልገዋል። ተራው የሚመዘገብበት መጽሐፍ ለሁሉ የተገለጠ ይሁን፤ ከመሣሪያው የሥራ ሰዓት የተወሰነው ክፍል ለክፍለ ሀገር ተመራማሪዎች ይከልከል፤ ማለት ሌላው እንዳይወስደው ይጠበቅ። ወረርሽኝ ሲነሣ ብቻ ተራው ይሻር።

ከተራው ጋር የሚሄድ ሌላ ነገርም አለ። ናሙና የሰበሰበው፤ በበረሃ የተንከራተተው፤ ሕመምተኛውን በቋንቋው ያነጋገረው የወረዳ ባለሙያ ስሙ በጥናቱ ላይ ሳይጻፍ ይቀራል፤ መሣሪያው ያለበት ቤት ሰው ግን ይጻፋል። ናሙናው ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ ደግሞ ይህ በደል እጥፍ ይሆናል። የገዛ ደሙን የሰጠው ሕዝብ ከደሙ የተነበበውን ነገር በራሱ ቋንቋ ሊሰማው መብት አለው፤ በሰንበቴና በከሚሴ ይህ ማለት በኦሮምኛም በአማርኛም ማለት ነው፤ ከገበያው ለሚመጣው አፋርም በአፋርኛ።

በሌላው ዓለም ያለው ልማድ ለማነጻጸር ይጠቅማል። በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከተማ በ1974 የተቋቋመው የኤውሮፓ የሞለኪዩል ባዮሎጂ ላቦራቶሪ የብዙ መንግሥታት የጋራ ቤት ነው፤ ያን ያኽል ባለጸጋ የሆኑ መንግሥታት እንኳ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከመድከም ገንዘባቸውን በአንድ ማኖርን መረጡ፤ የብርሃን ማይክሮስኮፕና የዘረ መል ንባብ ክፍሎቹም ከውጭ ለሚመጣ ተመራማሪ ክፍት ናቸው። ወደ ጎረቤት ቢታይም፤ በናይሮቢ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ለምሥራቅና ለመካከለኛው አፍሪካ የባዮሳይንስ ተመራማሪዎች የጋራ መሥሪያ ቤት ቆሞ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችም ሠርተውበታል። ባለጸጎቹ የተጋሩትን ድኻው ለብቻዬ ላድርገው ማለቱ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው ቆጠራ ነው። በመንግሥት ቤቶች ሁሉ ያለው መሣሪያ፤ የሚሠራውና የማይሠራው ተለይቶ፤ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ መዝገቡም ለተመራማሪ ሁሉ ይገለጥ። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ ትጋት ብቻ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ የጥገናው ዋጋ ያልተካተተበት ግዢ አይፈቀድ፤ ለምርምር የሚመጣ ኬሚካል በጉምሩክ የሚቆይበት ጊዜ በቀን ይወሰን፤ ቀኑ ካለፈም ማን እንደ አዘገየው ይጠየቅ። መሣሪያ የሚጠግን መሐንዲስ ደመወዙ መሣሪያ ከሚሠራበት ሊቅ ደመወዝ እጅግ የራቀ ከሆነ ባለሙያው ወደ ሌላ ሥራ መሄዱ አይቀርም፤ ይህም ይታሰብበት።

ለሰሜን ምሥራቁ የአገር ክፍል የጋራው ቤት ደሴ ቢሆን ተስማሚ ነው፤ የክልሉ ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍና ዩኒቨርሲቲው በአንድ ከተማ ናቸውና፤ ለአፋር ክልልም ከአዲስ አበባ ይልቅ ይቀርባል። ከሰንበቴ ጠዋት የተነሣ መኪና በዚያው ቀን ከደሴ ይደርሳል። በሰንበቴ ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ ከእሑዱ ገበያ ማግስት፤ ከቆላም ከደጋም የመጣው ሕመምተኛ በሚበዛበት ቀን፤ የወሰደውን የደም ጠብታ በወረቀት አድርቆ ለዚያ መኪና ቢሰጥ፤ መልሱ እስከሚቀጥለው እሑድ ሊመለስለት ይቻላል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው መኪና አለ፤ መንገዱ አለ፤ ባለሙያውም አለ። የጤና ሚኒስቴርና የክልሉ ሹማምንት የጥገናውንና የኬሚካሉን በጀት በመጪው ዓመት መዝገብ ላይ ለብቻው እንዲያሰፍሩት ይጠበቃል።